አባዬ አጃ የበላበት በጋ

ልጄ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቷ ያደርኩ ዕለት፣ ጠዋት የቀሰቀሰኝ ሽታ ነው። ዓይኔን እንኳ ሳልገልጥ "ማን ወለደ?" አልኩ። አማቼ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ብቅ ብሎ ግራ ገብቶት አየኝ። ተነሥቼ ኩሽና ብገባ ልጄ ድስት ጥዳ አጃ ታማስላለች። ከካርቶን የወጣ፣ አንዲት ገለባ የሌለበት አጃ ነው። ሙዝ ከትፋ፣ ማር ጠብ አድርጋ፣ ሁለቱም በየጠዋቱ ከሥራ በፊት የሚበሉት እሱን ነው። ለልብ ጥሩ ነው አለችኝ፤ ለስኳርም ጥሩ ነው፤ ደግሞም ያቀጥናል። ያቀጥናል ስትለኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እኔ በማውቀው ዘመን አጃ የሚበላው ለመወፈር ነበር፤ የሚበላውም አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነበር።

"ምን ያስቅሻል?" አለች ልጄ።

"አያትሽ ትዝ አለኝ" አልኳት። "አራስ የነበረ ጊዜ።"

አማቼ ማንኪያውን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀረ። እሱም እንዲገባው ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ በድንጋይ ከተሠሩት ረድፍ ቤቶች በአንዱ ነው። አባዬ በዕቃ ባቡር ላይ ረዳት ነጂ ነበር። ረዳት ማለት ነጂው ሲያዝ የሚሮጥ፣ ነጂው ሲያንቀላፋ የማያንቀላፋ ሰው ነው እያለ ይቀልድ ነበር። ከለገሃር ተነሥቶ ወደ ሞጆ ሲወርድ ባቡሩ በደጃችን ያልፋል፤ አባዬም በረዳቱ በኩል ባለው መስኮት፣ በግራ በኩል፣ እጁን አውጥቶ ያውለበልብልኛል። ነጂው የሚታየው በቀኙ መስኮት ነው። ያ የቀኝ መስኮት ለእኔ የንጉሥ ዙፋን ማለት ነበር። በዚያ ዓመት አባዬ ተራው ደረሰውና የሙያውን ፈተና አለፈ። የቀረው ከጥምቀት በኋላ የሚደረገው የሐኪም ምርመራ ብቻ ነው። እሱን ካለፈ ወደ ቀኙ መስኮት ይዛወራል።

ችግሩ ሆዱ ነበር። ከክረምቱ ጀምሮ ጨጓራው ይዞታል። ሐኪሙ ይህን ካወቀ ነጂ መሆኑ ይቅርና ከረዳትነቱም አውርደው ዕቃ ግምጃ ቤት ሊያስቀምጡት ይችላሉ ብሎ ፈርቷል። ስለዚህ የባቡሩን ሐኪም ትቶ ሳሪስ ድረስ ሄደና አንድ ድሬሰር አማከረ። ድሬሰሩም ከበርበሬው፣ ከቃሪያው፣ ከቡናውና ከአረቄው ራቅ፤ በየጠዋቱና በየማታው አጃ ብላ አለው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ ለእኔ የተነገረኝ ነገር አልነበረም። ያየሁት አጃውን ብቻ ነው።

አጃ ደግሞ በእኛ ሰፈር የአራስ ምግብ ነው። አንዲት ሴት የወለደች እንደሆነ ከቤቷ የአጃ አጥሚት ሽታ ይወጣል፤ ጎረቤት ቅቤና እንቁላል ይዞ ይገባል፤ እኛ ልጆች ደግሞ የገንፎ ትርፍ እናገኛለን። ሽታው ከሸተተ ልጅ ተወልዷል ወይም ሊወለድ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

አጃውን የምንገዛው ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ፣ ከእማማ ሸጊቱ ነው። እማማ ሸጊቱ ከአቃቂ ወንዝ ማዶ የራሳቸው ማሳ ያላቸው፣ ረዥም፣ የፊት ጥርሳቸው ፍንጭት የሆነ ሴት ነበሩ። እኔን "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። አጃውን በጣሳ ሲሰፍሩ ጫፉን አይልጉም፤ ቆልለው ነው የሚሰጡት። ከዚህ ሌላ አዋላጅ ናቸው። የሰፈሩን ልጅ ግማሹን በእጃቸው ተቀብለዋል፤ እኔንም ጨምሮ። ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ሚስት ምጥ ሲጠናባት እማማ ሸጊቱ ወንዙን ተሻግረው ባይደርሱ ኖሮ ሞታ ነበር ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህ ነገር በልቤ ተቀምጦ ነበር።

አጃ እንደ ስንዴ ታጥቦ ወፍጮ ቤት የሚላክ እህል አይደለም። ፀጉር አለው። ያ ፀጉር አንገት ውስጥ ከገባ ቀኑን ሙሉ ያሳክካል፣ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያስለቅሳል። እማዬ መጀመሪያ ታምሰዋለች፤ ሲታመስ የሞቀ ጭድ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ከዚያ ሙቀጫ ውስጥ ጨምራ ትሸከሽከዋለች፣ በሰፌድ ታበጥረዋለች። ከዚህ ሁሉ ያመለጠውን ገለባ አንድ በአንድ መልቀም የእኔ ሥራ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የፈረቃ ጡሩምባ እስኪነፋ እለቅማለሁ። አንዲት ገለባ ካመለጠችኝ አባዬ ያገኛታል። ማንኪያውን አስቀምጦ በሁለት ጣቱ ከምላሱ ላይ ያነሣትና "ስንዱ፣ ይቺ ያንቺ ናት" ብሎ ይሰጠኛል። እኔም ተቀብዬ ቀሚሴ ላይ እለጥፋታለሁ።

እንግዲህ አጃው በየቀኑ ይቀቀላል። ለማን ነው? እማዬን ሆዷን አየሁት፤ ጠፍጣፋ ነው። ደግሞም የምትበላው እሷ አይደለችም፤ አባዬ ነው። ሆዱን የሚይዘውም እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ ጎኑን ጨብጦ "እህ" ይላል። ጠዋት ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ሄዶ ያስመልሰዋል። ውሃ በእንስራ ሊያነሣ ሲል እማዬ ነጥቃ ታስቀምጠዋለች። አንድ ቀንም እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝና "አባትሽ አጃ እንደሚበላ ለማንም እንዳትናገሪ። ሰው ከሰማ ባቡር ላይ አይወጣም" አለችኝ። ይህ ለእኔ ማስረጃ ነበር። አራስ ከቤት እንደማይወጣ ማን ያጣዋል።

ወንድ ይወልዳል ወይ ብዬ ተጨንቄ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ግን የቄስ ትምህርት ቤት መምህራችን የኔታ ሔዋን ከአዳም ጎን እንደወጣች አስተምረውናል፤ ሥዕሉንም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ። አዳም ተኝቷል፣ ከጎኑ ሴት ብቅ ብላለች። አባዬም የሚይዘው ጎኑን ነው። አዳም ከቻለ አባዬ ምን ያንሰዋል?

ኅዳር አጋማሽ ላይ የገና ጾም ገባ። ሰው ሁሉ ከወተትና ከቅቤ ራቀ። ያን ሰሞን አንድ ጠዋት በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ እማዬ በአባዬ አጃ ላይ ወተት ታፈሳለች። የነፍስ አባቱ ስለ ሕመሙ እንደፈቀዱለት እኔ በምን አውቄ። በጾም ወተት የሚፈቀድለት ሕፃንና አራስ ነው፤ አባዬ ደግሞ ሕፃን አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ አልተጠራጠርኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ነው የኖርኩት። ጓደኞቼ ሁሉ የሚያዝሉት ሕፃን ነበራቸው፤ እኔ የማዝለው ትራስ ነበር።

ግን ከደስታው ሥር ፍርሃት ነበረ። ነገሩ ሁሉ በምስጢር ተይዟል። አዋላጅ አልተጠራም። ምጡ ድንገት ቢመጣና ቢጠናበትስ? እማማ ሸጊቱ ደግሞ ወንዝ ማዶ ናቸው። አባዬ ቢሞትብኝስ? ሰፌዱን ይዤ ይህን ሳስብ እንባዬ አጃው ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ እማዬ ግን የአጃው ፀጉር ዓይኔ ውስጥ የገባ መስሏት ዓይኔን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግልኛለች።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ እማማ ሸጊቱ ራሳቸው ወሬ ጀመሩኝ። ጣሳውን ቆልለው እየሰፈሩ፣ "ኢንተላ ኮ፣ በየሳምንቱ ይህን ያህል አጃ ማን ይበላዋል?" አሉ። እማዬ ሽንኩርት ልትገዛ ዞር ብላለች። ምስጢሩ አፌ ውስጥ ትኩስ ድንች ሆነብኝ። የሚበላው ማን እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። ቤታችን የሚወለድ እንዳለ፣ እማዬ ለማንም እንዳትናገሪ እንዳለችኝ፣ ቀኑ ሲደርስ ብጠራቸው ግን እንዲመጡልኝ ብቻ ነገርኳቸው። እማማ ሸጊቱ ጣሳውን ጥለው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ያኔ የገረመኝ እንባ በዓይናቸው መሙላቱ ነው። እማዬ ከእኔ በኋላ ልጅ ስትጠብቅ ሰባት ዓመት እንደሞላት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ቃላቸውን ሰጡኝ፤ ጠርተሽኝ የቀረሁ እንደሆነ እጄ ይሰበር አሉ። ምስጢሩን መጠበቃቸውን ግን እንጃ። በማግስቱ ሦስት የጎረቤት ሴቶች ያለ ምክንያት እማዬን እያዩ ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ።

ታኅሣሥ ላይ የአባዬ የገብርኤል ማኅበር ደረሰ። ማኅበርተኛው ሁሉ የባቡር ሰው ነው፤ የጣቢያው ሹም አቶ መኮንንም አሉበት። አባዬ እዚያ ተቀምጦ አልበላም ቢል ለምን ሊባል ነው። ስለዚህ በርበሬ የነደደበትን ሽሮ በላ፣ ቃሪያውን ገመጠ፣ በላዩ ጠላ ጠጣበት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የአባዬን ሆድ ግን ብቅሉ ይብስ አቃጠለው።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ወተት ልትገዛ ከሐዲዱ ማዶ ሄዳለች። እኔ ደጃፍ ላይ ነኝ። ከመጋረጃው በስተጀርባ አባዬ ሲያቃስት ሰማሁ። ገብቼ ባየው ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ ላብ አጥምቆታል፣ ጎኑን በሁለት እጁ ይዟል። "እናትሽን ጥሪያት" አለኝ። እናቴ ምን ልታደርግ? ቀጥ ብዬ ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ደግነቱ እማማ ሸጊቱን ድልድዩ ጋ አገኘኋቸው። ምጡ መጥቷል አልኳቸው።

እሳቸው የዚያን ዕለት ሲራመዱ እኔ እየሮጥኩ አልደረስኩባቸውም። በመንገድ ላይ በየደጁ እየጮኹ ነው የሄዱት። እኛ ቤት ስንደርስ ስምንት ሴቶች ተከትለውናል። አንዷ ቅቤ ይዛለች፣ አንዷ የገንፎ ዱቄት፣ አንዷ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የሕፃን ልብስ። የጣቢያው ሹም ባለቤት ወይዘሮ አፀደ ሳይቀሩ ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተዋል። ከውስጥ የማቃሰት ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ግን ምጥ ድምፅ ይለውጣል አለች አንዷ። እማማ ሸጊቱ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ እጃቸውን ታጥበው ገቡ። ሴቶቹ ደጃፍ ላይ ቆመው "ማርያም፣ ማርያም" ማለት ጀመሩ። እኔም ከመሐላቸው ሆኜ በሙሉ ልቤ ማርያም እላለሁ።

በዚህ መሐል እማዬ ወተቱን በጣሳ ይዛ ከበስተኋላ ደረሰች። ከቤቷ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ ማርያምን ሲጠራ አየች። ደንግጣ ከጎኗ ያለችውን ሴት ትከሻ ነካ አደረገችና "ማን ናት ያማጠችው?" ብላ ጠየቀች።

ሴትዮዋ ሳታያት "ተዋበች ናት እኮ" አለቻት።

ተዋበች የእማዬ ስም ነው።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ዘወር አሉ። የምታምጠዋ ሴት ወተት ይዛ ከኋላቸው ቆማለች። የማርያም ጥሪው ቀስ እያለ ጠፋ። ያኔ መጋረጃው ተገለጠና እማማ ሸጊቱ ብቅ አሉ። በዕድሜያቸው ብዙ ነገር አይተዋል፤ ይህን ግን አላዩም። እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ እኔን ለረዥም ጊዜ አዩኝ።

"የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ" አሉ። "የሚያምጠው አባትየው ነው።"

ሳቁ ከየት እንደጀመረ አላስታውስም። ቅቤ የያዘችው ሴት ቅቤዋን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እማዬም ሳቀች፤ ወተቱ እየተደፋ ሳቀች። ከዚያ ያ ነጭ ጨርቅ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ከሴትዮዋ እጅ ተቀብላ ፈታችው፤ የሕፃኑን ልብስ እያገላበጠች አየችው፤ ሳቋም ወደ ልቅሶ ዞረ። ለሰባት ዓመት የደበቀችውን ሐዘን እኔ ደጃፍ ላይ አምጥቼ ዘርግቼባታለሁ። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም። እማማ ሸጊቱ ልብሱን ቀስ ብለው ከእጇ ወስደው መልሰው ጠቀለሉትና ሣጥን ውስጥ አስገቢው፣ ጊዜ አለው አሏት።

ከዚያ ሁሉም አንድ ነገር አስታወሱ። ወይዘሮ አፀደ እዚያው ቆመዋል። የጣቢያው ሹም ባለቤት አባዬ ሕመምተኛ መሆኑን በዓይናቸው አይተዋል። ምርመራው ሊደርስ አንድ ወር እንኳ አልቀረውም። እማዬ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል እማማ ሸጊቱ ያዟት። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሴቶቹን በየተራ አዩና እንዲህ አሉ፤

"እኔ የተጠራሁት ለአራስ ነው። እናንተም የመጣችሁት ለአራስ ነው። ከአራስ ቤት የታየ ነገር ለባል አይነገርም።"

ማንም አልተከራከራቸውም። ወይዘሮ አፀደ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ በስምንት ሴቶች ፊት በይፋ አራስ ሆነ።

ሴቶቹ ሲሄዱ አባዬ ጠራኝ። የምገረፍ መስሎኝ ከአልጋው ክንድ ያህል ርቄ ቆምኩ። እናትሽን ጥሪ ብዬሽ አዋላጅ የምታመጪብኝ ለምንድን ነው አለኝ። ብቻህን እንዳትወልድ ብዬ ነው፤ እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው አልኩት፤ ከዚያም የአዳምንና የሔዋንን ነገር፣ የጾሙንም ወተት አስረዳሁት። እያመመው መሳቅ ጀመረ። "ተይ፣ ጎኔ" ይላል፣ መልሶ ይስቃል። ሲበርድለት አስጠጋኝና "በይ እንግዲህ፣ ምን ልውለድልሽ?" አለኝ።

"ሴት" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር የአጃ ወር ነበር። ሴቶቹ ተራ ገቡ። በየጠዋቱ አንዷ ድስት በነጠላዋ ሸፍና ትመጣለች፤ ባሏ ሲጠይቃት አራስ ልጠይቅ ነው ትላለች፤ ደግሞም እንደ እማማ ሸጊቱ ሕግ ከሆነ መዋሸቷ አይደለም። እያንዳንዷ የራሷ አሠራር አላት። አንዷ አጥሚቱን እንደ ውሃ ታቀጥነዋለች፣ አንዷ ማንኪያ ታቆምበታለች፣ አንዷ ተልባ ጨምራ አባዬን ለሁለት ቀን ከቤቱ ጀርባ አመላለሰችው። ሁሉም ቁጭ ብለው እስኪጨርስ ያዩታል፤ ማስተረፍ አይፈቀድም። አባዬ መጀመሪያ አፍሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚበላው። በሁለተኛው ሳምንት የማን አጃ ዛሬ ነው ብሎ መጠየቅ ጀመረ። በገና ሰሞን ጉንጩ ሞላ፤ የዩኒፎርሙ ቁልፍ እምቢ አለው። ሌሊት ማቃሰቱም ቀረ። እኔም ገለባ መልቀሜን አልተውኩም፤ የስምንት ቤት ገለባ መጣብኝ እንጂ።

ከምርመራው ሁለት ቀን ሲቀረው አቶ መኮንን፣ የጣቢያው ሹም፣ ቤታችን መጡ። መጥተው አያውቁም። አባዬ ሳህኑን ከአልጋው ሥር ሲገፋ አየሁት፤ ሽታው ግን የት ይደበቃል። አቶ መኮንን ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ፣ ስለ ዝናብ ማጣት ተናገሩ፣ ስለ ሐዲዱ ተናገሩ። ከዚያ ወደ እማዬ ዘወር ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አጃው ላይ ቅቤ ትጨምሪበታለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። ወይዘሮ አፀደ ቃላቸውን ጠብቀው ለባላቸው አንዲት ነገር አልነገሯቸውም ነበር፤ ግን ያን ቀን ከእኛ ቤት ከተመለሱ ጀምሮ ለእሳቸውም ጠዋት ጠዋት አጃ ያቀርቡላቸዋል። ለካ አቶ መኮንንም የጨጓራ ሕመማቸውን የደበቁ ሰው ነበሩ። ለምን አጃ እንደመጣ፣ ማን ቤት እንደተጀመረ ለማወቅ ነቢይ መሆን አላስፈለጋቸውም።

ሲወጡ ደጃፍ ላይ ቆመው አባዬን "እኔ የሰማሁት ነገር የለም። ለሐኪሙ የምትለውን አንተ ታውቃለህ" አሉት።

ይህ ቃል አባዬን እንቅልፍ ነሳው። በማግስቱ ለእማዬ ሁሉንም ለሐኪሙ እንደሚነግረው ነገራት። እማዬ ተቆጣች። ድነሃል፣ ወፍረሃል፣ አፍህን ብትይዝ ምን አለበት አለችው። እኔ ሰፌዴን ይዤ እሰማለሁ። አባዬ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ስምንት ሴት ስለ እኔ ባሏን ስትሸነግል ከረመች፣ እሱ ይበቃል አላት። በኋላ ቁልቁለት ላይ ሆዴን ይዤ ብጎነበስ ፍሬኑን ማን ይይዝልኛል፣ ከኋላዬ ያለውስ ሰው ምን በደለ አላት። እማዬ ተነሥታ ለመንገዱ የአጃ ዱቄት በከረጢት ቋጠረችለት።

ሐሙስ ማለዳ ወደ ለገሃር ሄደ። ነገሩን አስረድቶን ነበር። ካላለፈ ዓርብ በሊቶሪናው፣ በሰው ማመላለሻው ባቡር፣ ተሳፍሮ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ይመለሳል። ካለፈ ግን እዚያው ይቀርና ቅዳሜ የሚወርደውን የዕቃ ባቡር ራሱ ይነዳል። የዕቃ ባቡሩ አቃቂ አይቆምም። አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ አልኩት።

"እወልድና እነግርሻለሁ" አለኝ።

ዓርብ ሊቶሪናው መጣ። እማዬና እኔ ጣቢያው ላይ ቆመን የሚወርደውን ሰው ሁሉ አየን። አባዬ የለበትም። ደስ ሊለን ይገባ ነበር፤ ግን ሐኪም ቤት አስተኝተውትስ ቢሆን ብላ እማዬ አዲስ ጭንቀት አመጣች። ያን ቀን ማታ ቤታችን አጃ አልተቀቀለም። ሽታው ሲቀር ቤቱ ሰው የሌለበት መሰለኝ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣን። አጃ የምንገዛ መሆን አለመሆናችንን ስላላወቅን እማዬ ባዶ ከረጢት ይዛ እማማ ሸጊቱ ፊት ቆመች። እማማ ሸጊቱ አልጠየቋትም፤ ጣሳቸውን ገልብጠው ከጎናችን ቆሙ። ገበያው ከሐዲዱ አጠገብ፣ ባቡሩ ሲወርድ በቀኙ በኩል ነው። ከስምንቱ ሴቶች አምስቱ እዚያው ነበሩ፤ አንዷ ጎመን፣ አንዷ ሽንኩርት ይዛ ቀስ በቀስ ወደኛ ተጠጉ። ወይዘሮ አፀደም ከጣቢያው በረንዳ ወርደው መጡ።

ባቡሩ ከቃሊቲ በኩል ሲመጣ መጀመሪያ እግሬ ሥር ያለው ጠጠር ተንቀጠቀጠ። የናፍታው ጭስ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ታየ። በተለመደው ቀን ነጂው ወደ ጣቢያው ሲቃረብ አንድ ጊዜ ነው የሚያጮኸው፤ አንድ ረዥም ጩኸት። እንደ ልማዱ አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። እማዬ እጄን ጨበጠች። እኔ ዓይኔን የተከልኩት ከፊት በሚታየው የግራ መስኮት ላይ ነው። እዚያ የማላውቀው ልጅ እግር ረዳት ተደግፏል።

ከዚያ ፊሽካው ደገመ። ቆም አለና ሠለሰ።

በእኛ ሰፈር ልጅ ሲወለድ እልልታ ይቆጠራል። ለወንድ ሰባት ነው፤ ለሴት ሦስት። ሽንኩርት የያዘችዋ ሴት ጣቷን አጥፋ ቆማለች። እኔ አራተኛው እንዳይመጣ ትንፋሼን ያዝኩ። ባቡሩ በፊታችን መጣ፣ አልጮኸም፤ በቀኙ መስኮት የአባዬ የሞላ ጉንጭና የወጣ እጁ አለፈ። አራተኛ አልመጣም።

ሴት ናት።

ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሦስት ጊዜ፣ ቆጥረው። እማዬ ባዶውን ከረጢት ለእማማ ሸጊቱ ዘረጋችላቸው። እማማ ሸጊቱ ግን ጣሳውን ትተው ወደ ሐዲዱ ሁለት እርምጃ ሄዱና፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ሰብስበው፣ ወደ ዱከም እየራቀ ባለው ባቡር ጮኹ፤

"እንኳን ማርያም ማረችህ!"